የፓምፑ ቁልፍና የልጄ ጥርስ

ሰዎች ስጽፍ ሲያዩኝ ይገረማሉ። «ትምህርት ቤት ሳትገባ ራሷን ያስተማረች» ብለው ለእንግዳ ያስተዋውቁኛል። ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ትሕትና ይመስላቸዋል፤ እፍረት ነው። አስተማሪ ነበረችኝ እኮ። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የገዛ ልጄ ናት። ፊደሉን ከእኩሌታ በላይ አስቆጥራኝ ሳለ ተወችኝ። ሰልችታ አይደለም የተወችኝ፤ አፏን ያዘጋኋት እኔ ነኝ። የቀረውን ፊደል ለብቻዬ የለቀምኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሳሙና ወረቀት፣ ከዱቄት ጆንያ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ። ስለዚህ «ራሷን ያስተማረች» ባሉኝ ቁጥር ልጄን የጎዳሁበትን ቀን የሚያስታውሱኝ ይመስለኛል።

ብዕር ስይዝ የሚጠይቁኝ ሌላም ነገር አለ። ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ፣ ከጥፍሩ ዝቅ ብሎ፣ የተጠማዘዘ ጠባሳ አለ። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ «ማጭድ ነው፣ ጤፍ ሳጭድ» እላለሁ። ሁሉም ያምናል። ማጭድ ያልነካው እጅ ያላት ሴት በእኛ አገር ከየት ትገኛለች!

ነገሩን ከራሴ ጥርስ ልጀምር። የተወለድኩት ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ ገደል ጥግ የተቀመጠ መንደር። ከገደሉ ሥር ምንጭ አለ። በጋ ሆነ ክረምት አይጎድልም፤ በጠዋት እጅ ሲነክሩበት ጣት ያደነዝዛል። እሱን ጠጥቼ አደግሁ። ጥርሴ ተፈትጎ የታጠበ ገብስ ይመስል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ ድዴን ተነቀስኩ። ይህን የማያውቅ ይኖራልና ልንገር፤ በእኛ አገር ልጃገረድ ድዷን ትነቀስ ነበር። የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ይለወስና በመርፌ እየተወጋ ድድ ውስጥ ይገባል። ሲሽር ድዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ይበልጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያማል። ሳምንት ሙሉ ከቀዘቀዘ አጥሚት በቀር የሚቀመስ ነገር የለም። ግን ማን ይቀራል! እኔ እንዲያውም እናቴን ቀድሜ ሮጬ ነው ነቃሿ ደጅ የደረስኩት።

ሠርግ ቤት ዘፈን ሲወጣ ከፊት የሚያቆሙኝ እኔን ነበር። ለድምፄ አይደለም፤ ድምፄ ሻካራ ነው፤ ለጥርሴ ነው። የባሌ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሲልኩ ስሜን እንኳ አያውቁትም ነበር አሉ፤ «ያቺን ጥርሰ መልካሟን» ብለው ነው የጠየቁ። እኔም ጥርሴን እንደ ድካሜ ዋጋ እቆጥረው ነበር። መፋቂያ ከአፌ አይለይም፤ የወይራ ከሆነ ደግሞ ደስታዬ። ጥርሱ ያልነጣ ሰው ሳይ በልቤ «ሰነፍ!» እላለሁ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያዋረደችኝ እሷ ናት።

ያገባሁት ወደ ስማዳ ቆላ ነው። አገሩ ሞቃት ነው፤ ሰው ገና ከደጁ ሳይርቅ ይጠማዋል። እኔ ስደርስ ምንጩ ከሸለቆው ማዶ ነበር። ቁልቁል መውረድ፣ ጀሪካን አዝሎ ሽቅብ መውጣት፤ ቤት ሲደርሱ የቀዱትን ያህል በላብ የወጣ ይመስላል። ሰውም ከብትም ከዚያው ነበር የሚጠጣ። ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ ነበር። የመጀመሪያ ልጄንም የቀበርኩት በዚሁ ነው፤ ዳዴ ማለት ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ መሬት የሚበሳ መኪና መንደራችን ሲመጣ እልል ያልኩት ከአንጀቴ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስተኛው ቀን ከጥልቅ ለብ ያለ ውኃ ተፈናጥሮ ወጣ። ፓምፕ ተተከለ፣ አጥር ታጠረ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገባ። ከኮሚቴው ውስጥ ሴት ትኑር ተባለና፣ ቤቴ ለአጥሩ ቅርብ ስለሆነ፣ ምላሴም ስለማይታማ፣ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ሲረፍድ እዘጋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና እከፍታለሁ። ተራ የሚዘል ካለ ወዮለት!

ውኃው መልካም ማድረጉን አልክድም። ተቅማጡ ቆመ ማለት ይቻላል። «ከጉድጓዱ ሌላ አትጠጡ» ብለው ያስተማሩንን እኔ ከአስተማሪዎቹ ብሼ እሰብክ ነበር። ሰው ሁሉ ግን እንደኔ አልተጠነቀቀም። ክረምት ሲመጣ የጣራ ውኃ የሚያጠራቅም አለ፤ እርሻ ሲውል ከምንጩ የሚጠጣ አለ። እኔ ቤት ግን ሌላ ጠብታ አይገባም። ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ የጠጣሁት እሱን፣ ጡት ስትተው ያጠጣኋት እሱን፣ ሽሮዋን የሠራሁላት በሱ። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ይህችን አልቀብርም ብዬ ነው።

ከሸለቆው ማዶ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ አንዲት መነኩሲት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እማሆይ የፓምፑን ውኃ አንድ ቀን ቀምሰው ተውት።

«እጄ ላይ ያሟልጨኛል፤ ሳሙና የነካው ይመስላል» አሉኝ። «አንጀቴ አልወደደውም፣ ልጄ።»

«ታዲያ እማሆይ፣ አህያ የሚጠጣውን አንጀትዎ ወደደው?» አልኳቸው፤ ሰው ተሰልፎ እየሰማ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ሳቁ። «አህያዬ ከአንቺ ይልቅ ውኃ ታውቃለች» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን አዝለው ሄዱ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ፊደል የጀመርነው ልጄ አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ ነው። አጥሩ ሥር ጥላ አለ፤ ሰው እስኪሰበሰብ እዚያ እንቀመጣለን። ከጀሪካን በሚፈሰው ውኃ መሬቱ ይለሰልሳል፤ እሱ ላይ በእንጨት ትጽፍልኛለች። አስተማሪነቷ የዋዛ አልነበረም።

«እማ፣ አፌን እይኝ እንጂ! መሬቱን አትይ።»

«መሬቱ ላይ አይደል የጻፍሽው?»

«ድምፁ እኮ አፌ ላይ ነው ያለው። በይ፣ ቀ!»

«ቀ!»

«አጥንት የተሰነቀረብሽ አስመሰልሽው! ቀ!»

እና ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በርግዳ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው። ሳቋ ከአጥሩ አልፎ ማሳ ያሉትን ሰዎች ቀና ያደርጋል። «የእናቷ ሳቅ» ይሉታል። እንዲህ እየሳቅን «ገ» ላይ ደረስን።

በዚያ ሰሞን የወተት ጥርሷ እየረገፈ አዲሶቹ ወጡ። የወተት ጥርሷ ነጭ ነበር። አዲሶቹ ሲወጡ ግን ጠመኔ የተቀቡ ይመስሉ ነበር፤ ነጠብጣብና መስመር መስመር አለባቸው። ወራት ሲቆይ ነጠብጣቡ ብጫ ሆነ፤ ከብጫ ወደ ቡናማ ሄደ። አንድ ቀን «አፌን እይኝ» ስትለኝ አየሁ። ፊደሉን አይደለም ያየሁት፤ ጥርሱን ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊዎች ዝናብ ሲመታው የከረመ ቆርቆሮ መስለዋል።

«አንቺ፣ ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?»

«እፍቃለሁ እኮ።»

«ውሸታም! የፋቀ ሰው አፉ እንዲህ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊደሉ ሰዓት የጥርስ ሆነ። የወይራ መፋቂያ ቆርጬ ሰጠኋት፤ አልለቀቀም። ክትክታ አመጣሁ፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ ከሰል ወቅጬ በጨው ለወስኩና፣ አጥሩ ሥር አስቀምጬ፣ ራሴ በጨርቅ ፈተግኋት፤ ድስት የምፈትግ ይመስል። ድዷ ደማ። ያንን ደም ያጉመጠመጥኳት ደግሞ ከፓምፑ በቀዳሁት ውኃ ነው።

ሰልፍ የያዙት ሴቶች ያያሉ። አንዷ «ትል ነው» አለች፤ ሌላዋ «ትኩስ ትኩስ እየበላች ነው» አለች። የሌሎቹም ልጆች ጥርስ ላይ ጥቂት ጥቂት ነጠብጣብ ነበር፤ እንደ ልጄ የከፋ ግን አልነበረም። ከውኃው ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። ልጆች ደግሞ ልጆች ናቸው፤ «ዝገት! ዝገት መጣች!» ማለት ጀመሩ። እያለቀሰች ስትመጣ እኔ፣ እናቷ፣ ምን አልኳት?

«ምን ዋሹ?» አልኳት። «የኔ ልጅ ተብለሽ ይህን አፍ ይዘሽ ስትወጪ እኔስ ምን ልባል? ሰው ፊት ስትሆኚ ከንፈርሽን ግጠሚ።»

ታሪክ ሳወራ አፌ ይጣፍጣል ይሉኛል። ያንን ያለው ይኸው አፌ ነው።

ግጠሚ ብያትም ልቤ አላረፈም። አንድ ቀን መስታወት ይዤ የራሴን ድድ ስመለከት ሐሳቡ መጣብኝ። ድዷን ባስነቅሳትስ? ድዱ ከጠቆረ ጥርሱ ይነጣል፤ ለእኔ ሠርቷል፤ ለእናቴም ሠርቷል። ንቅሳት ያኔ እየቀረ ነበር፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይሥቁበታል። እኔ ግን ሌላ መድኃኒት አላውቅም። ለባሌ «እናቴን ልጠይቅ» አልኩትና ልጄን ይዤ ወደ ታች ጋይንት ወጣሁ። ለእሷ የነገርኳት «አርብ ገበያ ሸንኮራ እገዛልሻለሁ» ብዬ ነው። መንገዱን ሁሉ እየዘለለች ከፊቴ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ሸንኮራውን ገዛሁላት። እሱን እየመጠጠች ነው ነቃሿ ደጅ የደረስነው።

ነቃሿ እኔንም የነቀሱኝ ናቸው፤ አርጅተዋል። ልጄን ወደ ብርሃን አዙረው፣ አፏን ከፍተው፣ ብዙ ቆዩ።

«ይህ ከውስጡ ነው» አሉኝ። «እድፍ አይመስለኝም።»

«ግድ የለም፣ ድዱን ብቻ ያጥቁሩልኝ።»

«ልጅቱ ፈቅዳለች?»

«ልጅ ምን ታውቃለች፣ እሜቴ!»

«አንቺ ፈቅደሽ ነበር» አሉ። «ራስሽ ነሽ ሮጠሽ የመጣሽ።»

እኔ ግን ጭንቅላቷን በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩ። ከንፈሯን ወደ ላይ የገለበጥኩት በዚህ በአውራ ጣቴ ነው። ሸንኮራው ከእጇ ወደቀ። መርፌው ሲነካት ጮኸች፤ «እማ፣ እፍቃለሁ! እማ፣ እፍቃለሁ!» እያለች። ከቀኝ ተጀምሮ እስከ መሀሉ ጥርስ ደረሰ። ከዚያ ነቃሿ መርፌያቸውን ጣሉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ይህን አልሠራም። ውሰጃት» አሉኝ።

እኔ ደግሞ «ይጨርሱልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። አዎ፣ ለመንኳቸው። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ልጄ ግማሽ ድዷ ጠቁሮ ግማሹ ቀይ እንደሆነ ወደ ስማዳ ተመለሰች። ቁስሉ ሻረ፤ ጥላሸቱ ቀረ። ጥርሱም አልነጣም። ከዚያ ወዲህ በፊቴ አፏን መክፈት ተወች። ስትበላ ፊቷን ታዞራለች፤ ስትናገር በነጠላ ጫፍ ትሸፍናለች፤ መሳቅ የሚባል የለም። ከሳምንታት በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና «ነይ እንጂ የኔታ! ገ ላይ አይደል የነበርነው?» አልኳት። እንጨቱን ከመሬት አነሣች፣ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ጻፊ» ብላኝ ሄደች።

የፊደል ትምህርቴ በዚህ አበቃ።

በዚያው ዓመት፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ሁለት የውኃ ባለሙያዎች በሞተር ሳይክል መጡ፤ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት። ከጉድጓዱ ውኃ በትንንሽ ጠርሙስ ሊወስዱ ነው። ቁልፌን ከአንገቴ አውጥቼ በኩራት ከፈትኩላቸው። ወጣቱ ሲቀዳ፣ ወጣቷ ሰልፍ ላይ ያሉትን ልጆች «እስቲ አ በሉ» እያለች አፋቸውን ታያለች። ልጄ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቃለች። ባለሙያዋ አየቻት፤ ሄዳ ፊቷ ተንበረከከች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ልጄ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

«የማን ልጅ ናት?» አለች ባለሙያዋ።

«የኔ» አልኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከየት ያለውን ውኃ ነው የምትጠጣው?»

ይህችን ጥያቄ ግን አውቃታለሁ! ደረቴን ነፋሁ። «ከዚሁ ብቻ ነው እህቴ! ከተፀነሰች ጀምሮ ሌላ ጠብታ በአፏ አልዞረም። ያሻሽን ጠይቂ!»

ሁለቱ ተያዩ። ወጣቱ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ጻፈ። እኔ ምስጋና እጠብቅ ነበር።

«እናት፣ ይህ ቆሻሻ አይደለም» አለችኝ ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «ከጥልቅ የሚወጣ አንዳንድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛል። አይታይም፣ አይሸትም። ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና ሲሠራ ነው የሚያበላሸው። ከወጣ በኋላ ቢፍቁት፣ ቢያሹት አይለቅም። ቁርጡን ውኃው ሲመረመር እንነግርዎታለን፤ ጥርሷን ሳይ ግን እሱ ነው የሚመስለኝ።»

ልጄ አጠገቧ ቆማ ነበር። ወደ እኔ አላየችም። የባለሙያዋን እጅጌ ጎተት አደረገች።

«ስላልፋቅሁ አይደለም?»

«አይደለም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ለእናቴ እንደገና ይንገሩልኝ።»

ባለሙያዋ እንደገና ነገረችኝ። ልጄ እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያ ጀሪካኗን ሳትቀዳበት አንስታ ወደ ቤት ሄደች። አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ድንጋይ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሟ ጀርባዬ ላይ ነበር። ጥርስ ገና አላወጣም፤ ውኃ ማስቀመስ ከጀመርኩ ሳምንት አልሞላኝም። የእሷ አልፏል፤ የሱ ግን አላለፈም። ከሳምንታት በኋላ መልሱ ሲመጣ ባለሙያዋ እንዳለችው ሆነ፤ ማዕድኑ በዝቷል። የጉድጓዱ ውኃ ለልብስና ለከብት ይሁን፣ ለመጠጥና ለወጥ ከምንጩ እየቀዳችሁ አፍልታችሁ ተጠቀሙ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ተባልን። የጉድጓዱን ብታፈሉት ማዕድኑ አይወጣም፣ ተባልን።

ማን ይስማ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰው ተሰብስቦ ተጯጯኸ።

«ትናንት ጠጡ፣ ዛሬ አትጠጡ! ነገ ደግሞ ምን ሊሉን ነው?»

«ለጥርስ ብለን ልጆቻችን በተቅማጥ ይለቁ?»

«ቁልፍ ያዧስ ምን ትላለች? ስትሰብከን የኖረች እሷ አይደለችም?»

ተነሣሁ። ዞር ስል ልጄን ከሴቶቹ ኋላ አየኋት። አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ከንቅሳቱም ይበልጥ ከብዶኛል፤ ያ ሳላውቅ ነው፣ ይህ አውቄ ነው።

«ነይ» አልኳት። «ነይና አፍሽን ክፈቺላቸው። ይዩት።»

ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«የራስሽን አትከፍቺም?» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታን ሄደች።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ግን «ልክ ብላለች» አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ላቤ እየወረደ፣ ልክ እንዳለች ገባኝ።

ስለዚህ የራሴን ከፈትኩ። «ይህን ጥርሴን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ» አልኳቸው። «በመፋቂያ ያመጣሁት መስሎኝ ኖሬያለሁ። አይደለም፤ የታች ጋይንት ምንጭ ነው የሰጠኝ። ልጄ ከኔ ይልቅ ትፍቃለች። እኔ ግን ሰነፍ አልኳት፤ በከሰል ፈተግኋት፤ በግድ ድዷን አስወጋኋት። ውኃውን ያጠጣኋት እኔ፣ ጠጣሽ ብዬ የቀጣኋትም እኔ። ይህን ልጅ» ብዬ ጀርባዬን አሳየኋቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከምንጩ ነው የማጠጣው። እናንተ እንደወደዳችሁ።»

ከዚያ ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ ለሰው የምትናገር ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ፣ «እኔም ልጄን በአሸዋ ነው የፈተግሁት» አለች። ሌላዋ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሁሉም አልተቀበለኝም፤ እስከ ዛሬ ከፓምፑ የሚጠጣ አለ። እነዚያ ሁለት ሴቶች ግን በማግሥቱ ጠዋት ሸለቆው አፋፍ ላይ ጀሪካን አዝለው ጠበቁኝ።

ምንጩ ጋ እማሆይ አህያቸውን እያጠጡ ነበር። ጀሪካኔን አውርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ። አህያ የሚጠጣበት ብዬዎት ነበር።»

«እንግዲያ ከአህያዬ ኋላ ተሰለፊ» አሉና ሳቁ። አንድም ጥርስ የላቸውም እኮ! ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ቀጥለው ረጋ አሉ። «እኔም የማውቀው ነገር የለም፤ አንጀቴ ነው እንቢ ያለ። ይልቅ ልጅቱ ይቅር ብላሻለች?»

«እንጃ።»

«እንግዲያ ውኃሽን ቅጂና ሂጂ» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?»

ልጄ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ነግራኝ አታውቅም። ያደረገችውን ግን አየሁ። አንዲት ትንሽ ብጫ ጀሪካን አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችባት፤ የወንድሟ ናት ማለት ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሸለቆውን ትወርዳለች፣ ሞልታ ታመጣታለች፣ ራሷ ታፈላዋለች። እኔ እንድነካት አትፈቅድም። እኔ ኩባያ ይዤ ወደ ልጁ ስጠጋ «ከየትኛው ነው?» ትለኛለች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ላይ! ግን ምን አፍ አለኝ? «ከባለ ቀዩ ነው» እላለሁ፤ እሷም ጀሪካኗን ከፍ አድርጋ ምን ያህል እንደጎደለ ትለካለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ቁልፉን ለሌላ ሴት አስረከብኩ፤ ማተቤ ለብቻው ቀረ።

አሁን ልጄ ንፋስ መውጫ እህቴ ዘንድ ሆና ትማራለች። ጥርሷ እንደዚያው ነው። ከተማ የጥርስ ሐኪም የሚሸፍንበት ዘዴ አለው ሲሏት «አስብበታለሁ» ትላለች። ባለፈው ለትንሣኤ ስትመጣ ወንድሟ የወተት ጥርሱ ረግፎ የፊቶቹ አዲሶች ወጥተው ነበር። እቃዋን እንኳ ሳታወርድ ደጃፍ ላይ ያዘችው፤ አገጩን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጋ «አ በል!» አለችው። ነጭ ነው። ቤት ገብታ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ደስታ ይሁን ሌላ፣ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ይህን ጽሑፍ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ልጠይቃት ለራሴ ቃል ገባሁ። አንድ ጊዜ ሳላስፈቅዳት አፏን ከፍቻለሁ፤ ይበቃል። ለክረምቱ ስትመጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን አነበብኩላት። ነቃሿ ጋ ያለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ዘለልሽ።»

«ምኑን?»

«እጅሽን አምጪ።»

አውራ ጣቴን ይዛ ጠባሳው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህም ማጭድ ልትይ ነው?»

እጄን ልስብ አልኩ፤ አልለቀቀችኝም።

«ያለቀስኩትን ብቻ አትጻፊ» አለችኝ። «የነከስኩሽንም ጻፊ።»

እሺ፣ እጽፋለሁ። ነቃሿ መርፌያቸውን የጣሉት አዝነው ብቻ አይደለም። ልጄ ባፈርኩባቸው በእነዚያ ጥርሶቿ አውራ ጣቴን ነክሳ አልለቅም አለች። የኔ ደም ከሷ ደም ጋር አገጯ ላይ ወረደ፤ «ውሰጃት» ያሉኝ ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ማጭድ ነው እያልኩ ስዋሽ እሷን የምሸፍን አስመስዬ ነበር። የሸፈንኩት ራሴን ነው። ልጄን ምን ብታደርጊያት ነው የነከሰችሽ እንዳልባል ነው። አጥንቴ ድረስ ነው የገባው።

እዚህ ድረስ ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ ታነብ ነበር።

«አጥንትሽ ድረስ?» አለችኝ። «አሁንስ አጋነንሽው!»

ሳቀች። ያ የድሮው ሳቅ ነው፤ ማሳ ድረስ የሚሰማው። በነጠላ የታፈነ አልነበረም። ቀና ብዬ ላያት ፈለግሁ፤ አቃተኝ። ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀርኩ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።